አልትራሳውንድ ላይ የታየ ጠጠር ሁሉ ቀዶ ሕክምና አይፈልግም፤ የእርስዎ ግን ይፈልጋል

ጥያቄ፦ «የ43 ዓመት ሴት ነኝ፤ ሦስት ልጆች አሉኝ። ሁለት ዓመት ሙሉ ጨጓራ ነው እየተባልኩ ኦሜፕራዞል ስወስድ ቆየሁ። ሕመሙ ከእምብርቴ በላይ ይጀምርና ወደ ቀኝ ጎኔ ሄዶ እስከ ትከሻዬ አጥንት ይወጣል። ብዙ ጊዜ የሚነሣብኝ ሌሊት ነው፤ ሁለት ሦስት ሰዓት ካሠቃየኝ በኋላ በራሱ ይተወኛል። በፋሲካ ማግስት ብሶብኝ አልትራሳውንድ ስነሣ በሐሞት ከረጢቴ ውስጥ ብዙ ጠጠር ተገኘ፤ ትልቁ 14 ሚሊ ሜትር ነው። ሐኪሙ ከረጢቱ ይውጣ ብሎኛል። ዘመዶቼ ደግሞ የወይራ ዘይት በሎሚ ጠጥታ ጠጠሩን ያወጣች ሴት እናውቃለን ይላሉ። በመድኃኒት ወይም በጨረር አይሟሟም? ጠጠሩ ብቻ ወጥቶ ከረጢቱ ቢቀርልኝስ? ሰው ያለ ሐሞት ይኖራል? እህቴም ምንም ሳያማት ለኩላሊት ብላ በተነሣችው አልትራሳውንድ አንድ ጠጠር ታይቶባታል፤ እሷም ትሠራ?»

ምላሽ፦ ከመጨረሻው ልጀምር። እህትዎ ምንም አታድርግ፤ እርስዎ ከረጢቱን ያስወጡ። ለአንድ በሽታ ሁለት መልስ የሰጠሁት የጠጠሩን መጠን ወይም ብዛት አይቼ አይደለም። የእህትዎ ጠጠር ዝም ያለ ነው፤ የእርስዎ ተናግሯል። በዚህ በሽታ ሕክምናውን የሚወስነው ከሞላ ጎደል ይኸው ነው።

ሰው ያለ ሐሞት ይኖራል ወይ ላሉት፣ አይኖርም። ቀዶ ሕክምናው ግን ሐሞትዎን አይወስድም። ሐሞት የሚሠራው ጉበት ውስጥ ነው፤ ጉበት በቀን ከግማሽ እስከ አንድ ሊትር ያህል ያመርታል። ከረጢቷ ማጠራቀሚያ ብቻ ናት። በግ ሲታረድ ቆመው አይተው ከሆነ ያውቋታል፤ ከጉበቱ ሥር የተጣበቀችው፣ ሥጋውን እንዳታመርበት አራጁ ተጠንቅቆ የሚያነሣት አረንጓዴ ከረጢት። የሰውም እንደዚያው ናት፤ የምትይዘው ከ30 እስከ 50 ሚሊ ሊትር፣ ማለትም ከአንድ የቡና ሲኒ የማይበልጥ ነው። ምግብ በሌለበት ሰዓት ከጉበት የሚመጣውን ሐሞት ተቀብላ ውሃውን እየመጠጠች ታወፍረዋለች፤ ቅባት ወደ ትንሹ አንጀት ሲደርስ ደግሞ ከአንጀት በሚወጣ ሆርሞን ታዝዛ ትጨመቅና በቱቦ ትለቀዋለች። ከረጢቷ ስትወጣ ሐሞቱ ማረፊያ ስለሌለው ከጉበት በቀጥታ ወደ አንጀት ይንጠባጠባል፤ ቅባቱም መፈጨቱን ይቀጥላል። በቋንቋችን ሐሞት የወኔ ማደሪያ ስለሆነ ነው መሰለኝ፣ «ሐሞቴ ከወጣ ምን ቀረኝ» የሚሉኝ ወንዶች ከሴቶቹ ይበዛሉ። እስካሁን ሐሞተ ኮስታራ ሆኖ ገብቶ ሐሞቱ ፈስሶ የወጣ ሰው አላየሁም።

ጠጠሩ ከውጭ የገባ ነገር አይደለም። ከጤፍ ጋር የተዋጠ አሸዋ አይደለም፤ ከኩላሊት ጠጠርም ጋር ከስሙ በቀር ዝምድና የለውም። ይህን የማነሣው ሁለቱን እያምታቱ ጠጠሩን ውሃ በብዛት በመጠጣት አጥቦ ለማውጣት የሚሞክሩ ብዙ ስለሆኑ ነው። የኩላሊት ጠጠር ያለው በሽንት መንገድ ላይ ስለሆነ ውሃ ይረዳዋል፤ የሚጠጡት ውሃ ግን በሐሞት ከረጢት በኩል አያልፍም። የሐሞት ጠጠር የሚፈጠረው ሐሞት ውስጥ ሟሙቶ መቆየት የነበረበት ነገር ከልክ ሲያልፍና ሲረጋ ነው፤ ስኳር የበዛበት ሻይ ሲቀዘቅዝ ከብርጭቆው ሥር እንደሚዘቅጠው። አብዛኛውን ጊዜ የሚዘቅጠው ኮሌስትሮል ነው። በደም ምርመራ ኮሌስትሮሉ ደህና የሆነ ሰውም ይህ ይደርስበታል፤ ዋናው ነገር በሐሞት ውስጥ ያለው ሚዛንና ከረጢቷ ምን ያህል በደንብ እንደምትጨመቅ ነው። ጥቁር የሚባለው ዓይነት ቀይ የደም ሕዋሳት ከልክ በላይ በሚፈርሱባቸውና ጉበታቸው ክፉኛ በጠነከረባቸው ሰዎች ላይ ይታያል። ቡናማው ደግሞ ከሐሞት ቱቦ ኢንፌክሽን ጋር ይመጣል፤ ወደ ቱቦው የሚገባ ወስፋት ለዚህ አንዱ መነሻ ነው።

ለምን እርስዎን መረጠ? ሴት መሆን፣ ከ40 ዓመት ማለፍና ደጋግሞ መውለድ ሦስቱም አሉብዎት። በእርግዝና ጊዜ አንደኛው ሆርሞን በሐሞት ውስጥ ያለውን ኮሌስትሮል ያበዛል፤ ሌላው ከረጢቷን ያሰንፋታል። ውፍረት፣ ስኳር በሽታ፣ ኤስትሮጅን ያለበት መድኃኒትና በቤተሰብ ውስጥ ጠጠር መኖሩም ይጨምሩበታል፤ የእህትዎ ውጤት በዚህ በኩል አያስገርመኝም። ለሌሎች አንባቢዎች የምጨምረው አለ። በሳምንት ከአንድ ኪሎ ተኩል በላይ የሚያስቀንስ ጥብቅ አመጋገብ ራሱ ጠጠር ያመጣል። ክብደት መቀነስ መልካም ነው፤ እየተራቡ በአንድ ወር መክሳት ግን አይደለም።

ጾምን በተመለከተ ብዙ ጊዜ ስለምጠየቅ እግረ መንገዴን ልበል። ጠጠሩን ያመጣው ጾምዎ ነው የምልበት ማስረጃ የለኝም። ሕመሙን የቀሰቀሰው ግን ፍስኩ ነው። ሁዳዴን ሙሉ ቅቤና ሥጋ ያላየ ሰው ሌሊት ላይ ዶሮ ወጥ ሲበላ ከረጢቷ ባላት ኃይል ትጨመቃለች፤ ጠጠሩ ተንከባልሎ መውጫዋ ላይ ይወተፋል። ከፋሲካ በኋላ ያለውን ሳምንት የቀዶ ሐኪሞች በሚገባ እናውቀዋለን።

የገለጹት ሕመም የሐሞት ጠጠር ሕመም እንደሆነ አልጠራጠርም። የዚህ ሕመም ጠባይ የራሱ ነው። መጥቶ እየሄደ እንደሚጠመዝዝ ቁርጠት ሳይሆን ወጥቶ ወጥቶ አንድ ቦታ ላይ የሚቆም፣ ተገላብጠው ወይም ተቀምጠው የማያሳርፉት የማያቋርጥ ሕመም ነው። ከግማሽ ሰዓት ያንሳል ማለት አይቻልም፤ ብዙ ሰዓት ቆይቶ ጠጠሩ ከመውጫዋ ሲመለስ በአንድ ጊዜ ይለቃል። ከእራት በኋላ ወይም ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት ላይ ከእንቅልፍ ማስነሣት ይወዳል። የቀኝ ትከሻ አጥንት ላይ መሰማቱም ከምልክቶቹ አንዱ ነው። ከዚያ ቀጥሎ ሳምንታት፣ አንዳንዴም ወራት ጸጥ ይላል። ጨጓራ እንዲህ አያደርግም፤ ቃር፣ ማቃጠል፣ በባዶ ሆድ መሞርሞርና በየቀኑ መነታረክ የእሱ ጠባይ ነው። ሁለት ዓመት ጨጓራ ነው ያሉዎትን ሐኪሞች ሙሉ በሙሉ አልወቅስም፤ የጨጓራ ባክቴሪያ በአገራችን እጅግ የተስፋፋ ስለሆነ አንድ ሰው ሁለቱም በሽታዎች አብረው ሊኖሩበት ይችላል። ነገር ግን ሁለት ወር ኦሜፕራዞል ተወስዶ ያልተመለሰ የላይኛው ሆድ ሕመም ሦስተኛ ፓኮ ሳይሆን አልትራሳውንድ ይገባው ነበር። ከ40 ዓመት በላይ ለሆነ ሰው፣ በተለይም ስኳር ወይም ደም ግፊት ካለበት፣ የልብ ምርመራም ይጨመራል፤ የልብ ሕመም ደረት ላይ ብቻ አይሰማም።

ከዚህ ጋር አንድ ነገር አስቀድሜ ልንገርዎ፤ በኋላ እንዳያዝኑብኝ። ቀዶ ሕክምናው የሚያስወግደው ይህን የሌሊቱን ሕመም ነው። የሆድ መነፋት፣ ግሳት፣ ቃር ካለብዎት እነሱ ከጠጠሩ ላይሆኑ ስለሚችሉ ከረጢቷ ብትወጣም ሊቀሩ ይችላሉ። «ተሠርቼም አልተሻለኝም» የሚሉ ሰዎችን ስጠይቅ፣ ብዙዎቹ መጀመሪያም የነበረባቸው መነፋትና ግሳት ብቻ ነበር።

ወደ ምርመራው ስንመጣ፣ አልትራሳውንድ ለከረጢቷ ጠጠር የሚበልጠው የለም፤ ከ100 ሕመምተኞች ከ95 በላይ ያገኛል። «ሲቲ ስካን ውድ ስለሆነ የተሻለ ነው» የሚለው እዚህ ላይ አይሠራም፤ ብዙ የኮሌስትሮል ጠጠሮች በሲቲ ስካን አይታዩም፤ በተራ ኤክስሬይ ደግሞ አብዛኞቹ ያመልጣሉ። ለአልትራሳውንዱ ስድስት ሰዓት ያህል ሳይበሉ መቆየት ያስፈልጋል፤ አለበለዚያ ከረጢቷ ባዶ ሆና ውስጧ በደንብ አይታይም። ወረቀትዎ ላይ ከጠጠሩ መጠን ይልቅ የሚያሳስቡኝ ሁለት ቁጥሮች ናቸው። አንደኛው የከረጢቷ ግድግዳ ውፍረት ነው፤ ከ3 ሚሊ ሜትር በላይ ከሆነ የተቆጣች ሊሆን ይችላል። ሁለተኛው ሐሞትን ወደ አንጀት የሚያወርደው ዋናው ቱቦ ስፋት ነው፤ ከ6 ሚሊ ሜትር ካለፈ ጠጠር ወርዶበት እንደሆነ መፈለግ አለበት። አልትራሳውንድ ደካማ የሚሆነው እዚህ ላይ ነው፤ ቱቦው ውስጥ ያለን ጠጠር ብዙ ጊዜ ሳያየው ያልፋል። ስለዚህ የጉበት የደም ምርመራ፣ በተለይም ቢሊሩቢን የሚባለው ቢጫ የሐሞት ቀለም መጠን፣ ከቀዶ ሕክምናው በፊት መታየቱ ግድ ነው። የደሙ ውጤት ወይም የቱቦው ስፋት ካጠራጠረ የሐሞት ቱቦን ለይቶ የሚያሳየው የኤምአርአይ ምርመራ ይታዘዛል።

አሁን ስለ እህትዎ። ጠጠር ካለባቸው ሰዎች ወደ 80 በመቶ የሚሆኑት ምንም ሳይሰማቸው ይኖራሉ። ከእነዚህ በየዓመቱ ሕመም የሚጀምራቸው ከ100 ሰዎች ከ1 እስከ 4 ናቸው፤ ሲጀምራቸውም አብዛኛውን ጊዜ በተራ ሕመም እንጂ በአደጋ አይጀምርም። ጤነኛ ሰው ላይ ማደንዘዣና ቢላ ማሳረፍ ከዚህ የበለጠ ጥቅም አይሰጥም። ከዚህ ሕግ የሚወጡ ጥቂቶች አሉ፤ ጠጠሩ ከ3 ሴንቲ ሜትር የሚበልጥ፣ የከረጢቷ ግድግዳ እንደ ሸክላ የጠነከረ፣ አብሮ አንድ ሴንቲ ሜትርና ከዚያ በላይ የሆነ የሥጋ እባጭ የታየ ከሆነ ወደ ቀዶ ሐኪም መሄድ ያስፈልጋል። እነዚህ ከረጢቷ ላይ ካንሰር ሊነሣ የሚችልባቸው፣ በቁጥር ግን አነስተኛ የሆኑ ሁኔታዎች ናቸው። ከእነዚህ አንዱም ከሌለባት በየስድስት ወሩ አልትራሳውንድ እየተነሣች ገንዘቧን አታባክን።

አንዴ የተናገረ ጠጠር ግን ተመልሶ ዝም የማለት ልማድ የለውም። መውጫዋን ዘግቶ ከቀረ ከረጢቷ ትቆጣለች፤ ትኩሳት ይመጣል፤ መግል ልትይዝም ትችላለች። ወደ ዋናው ቱቦ ከወረደ ሐሞቱ ወደ ደም ይመለስና ዓይን ቢጫ ይሆናል፤ የታገደው ሐሞት ኢንፌክሽን ከያዘው ደግሞ በሰዓታት ውስጥ ሕይወትን ያሰጋል። ከቱቦው ጫፍ ከተሰነቀረ ቆሽትን ያስቆጣል፤ ይህ ከሁሉም የምፈራው ነው። ብዙ ሰው የማይጠብቀው ነገር ደግሞ አለ፤ ለቆሽት የሚያሰጉት ትልልቆቹ ሳይሆኑ ትንንሾቹ ጠጠሮች ናቸው፤ 14 ሚሊ ሜትሩ በቀላሉ ቱቦ ውስጥ አይገባም፤ ከጎኑ ያሉት የምስር ፍሬ የሚያህሉት ይገባሉ። «ጠጠሩ ትንሽ ስለሆነ አያሰጋም» የሚል ምክር ከሰሙ በዚህ ምክንያት አይቀበሉት።

ስለዚህ ቀጠሮዎ እስኪደርስ ከሚከተሉት አንዱ ከታየብዎት ቀኑን አይጠብቁ፣ ወደ ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ፤ ከስድስት ሰዓት በላይ ያልለቀቀ ሕመም፣ ትኩሳት ወይም ብርድ ብርድ ማለት፣ የዓይን ቢጫ መሆን፣ ሽንት እንደ ኮካ ኮላ መጥቆርና ሰገራ መንጣት፣ ወደ ጀርባ የሚወጋ ሕመም ከማያቋርጥ ትውከት ጋር። ዓይን ቢጫ ሲሆን «የወፍ በሽታ ነው» ብሎ ወደ ባህል ሐኪም መሄድ በአገራችን የተለመደ ነው። ከቫይረስ የመጣ ቢጫነት አንዳንዴ በራሱ ስለሚለቅ ሥሩ ወይም ቅጠሉ የፈወሰ ይመስላል፤ በጠጠር የተዘጋ ቱቦን ግን የሚከፍት ቅጠል የለም፤ የሚባክነው ሳምንት ደግሞ አይመለስም።

የወይራ ዘይትና ሎሚው። ዘመዶችዎ የነገሩዎት ሴት አልዋሸችም፤ ከሰገራዋ ጋር አረንጓዴ ለስላሳ እንክብሎች አይታለች። ጠጠር ግን አልነበሩም። በ2005 በፈረንጆች አቆጣጠር ላንሴት የተባለው የሕክምና መጽሔት እንዲህ ዓይነት እንክብሎች በቤተ ሙከራ ተመርምረው የተገኘውን አትሟል። ውስጣቸው ኮሌስትሮልም ቢሊሩቢንም ካልሲየምም አልተገኘም፤ አብዛኛው ቅባት አሲድ ነበር። ዘይቱ አንጀት ውስጥ ወደ ሳሙናነት ተለውጦ የሠራቸው ናቸው ማለት ነው፤ ተመራማሪዎቹ የወይራ ዘይት ውስጥ የሚገኘውን ቅባት አሲድ ከሎሚ ጭማቂና ከአልካሊ ጋር ቀላቅለው ተመሳሳይ እንክብል ሠርተዋል። ከጠጣ በኋላ አልትራሳውንድ የተነሣ ሰው ጠጠሩን እዚያው ያገኘዋል። ጉዳቱ ደግሞ በአንድ ጊዜ የተጠጣ ብርጭቆ ዘይት ከረጢቷን አጥብቆ ማስጨመቁ ነው፤ የፋሲካውን ሌሊት ሆን ብለው እየደገሙት ነው።

ጠጠርን የሚያሟሟ መድኃኒት በእርግጥ አለ፤ ኧርሶዲኦክሲኮሊክ አሲድ ይባላል። ችግሩ ሁኔታዎቹ ጠባብ መሆናቸው ነው። ጠጠሮቹ ከኮሌስትሮል ብቻ የተሠሩ፣ ካልሲየም ያልያዙና ትንንሽ፣ ቢቻል ከ5 ሚሊ ሜትር ያነሱ፣ ከረጢቷም በደንብ የምትጨመቅ መሆን አለባት። ይህ ሁሉ ተሟልቶ ከስድስት ወር እስከ ሁለት ዓመት በየቀኑ ይወሰዳል፤ ከተሟሟላቸው ሰዎችም ግማሽ ያህሉ በአምስት ዓመት ውስጥ እንደገና ጠጠር ይይዛሉ። ለእርስዎ 14 ሚሊ ሜትር ጊዜና ገንዘብ ማባከኛ ነው። ከውጭ በሚላክ ኃይለኛ የድምፅ ሞገድ መሰባበርም፣ እርስዎ ጨረር ያሉት ይመስለኛል፣ ለኩላሊት የሚጠቅመውን ያህል ለሐሞት አልጠቀመም፤ ስብርባሪው ወደ ቱቦ ወርዶ ከትልቁ የባሰ ጣጣ ያመጣል። ጠጠሩን ብቻ አውጥቶ ከረጢቷን መተው ደግሞ አዲስ ሐሳብ አይደለም፤ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ይሠራ ነበር፣ ጠጠሩም ተመልሶ ይመጣ ነበር። ካርል ላንገንቡክ በ1882 በርሊን ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ከረጢቷን ራሷን ያወጣው በዚህ ምክንያት ነው፤ የምትወጣው ጠጠር ስለያዘች ሳትሆን ጠጠር ስለምትሠራ ነው ብሎ ያምን ነበር። እስካሁን ይህን ያፈረሰ ሰው አልመጣም።

ዛሬ ሥራው በአብዛኛው በላፓሮስኮፒ ነው፤ በ1985 ጀርመናዊው ኤሪክ ሙሄ የጀመረው ነው። ሆድ በካርቦን ዳይኦክሳይድ ይነፋል፤ በሦስት ወይም አራት ትንንሽ ቀዳዳዎች ካሜራና መሣሪያዎች ይገባሉ፤ ከረጢቷ ከጉበት ተላቅቃ በእምብርት በኩል ትወጣለች። ብዙ ሰው በማግስቱ ወደ ቤቱ ይሄዳል፤ በአንድ ሁለት ሳምንት ወደ ሥራው ይመለሳል። የሚያሳስበው አደጋ ዋናው የሐሞት ቱቦ በስሕተት መቆረጡ ነው፤ ከ1,000 ሰዎች በ3 ወይም 5 ላይ ይደርሳል። ጥቂት ቢሆንም ሲደርስ ከባድ ስለሆነ ሐኪምዎን «በዓመት ስንት ይሠራሉ?» ብለው መጠየቅ መብትዎ ነው፤ የሚቆጣ ሐኪም ካጋጠመዎት ሌላ ይፈልጉ። በሥራው መካከል የአካሉ ቅርጽ አልለይ ሲል ወደ ክፍት ቀዶ ሕክምና መዞር ሽንፈት አይደለም፤ የጠንቃቃ እጅ ምልክት ነው።

ከአዲስ አበባ ውጭ ያሉ ሰዎች ላፓሮስኮፒ እስኪያገኙ ዓመትና ሁለት ዓመት ሲጠብቁ አያለሁ። ይህን አልደግፍም። ልምድ ያለው ሐኪም ከቀኝ ጎድን ሥር በአንድ አጭር ስንጥቅ የሚሠራው ክፍት ቀዶ ሕክምናም ጥሩ ውጤት አለው። ጠባሳው ይረዝማል፤ ማገገሚያውም ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ይወስዳል፤ በየወሩ በሕመም ከሚወድቁበት ሁለት ዓመት ግን ይሻላል። ቱቦው ውስጥ ጠጠር ከተገኘ ብቻ ነገሩ ይለያል። ያንን በአፍ በሚገባ ካሜራ ማውጣት የሚችሉት ማዕከላት በአገራችን በጣት የሚቆጠሩ ስለሆኑ ወደዚያ መላክ ያስፈልጋል፤ አሠራሩም አንዳንዴ ቆሽትን ስለሚያስቆጣ «ለማየት ያህል» ተብሎ የሚሠራ አይደለም።

ከተሠሩ በኋላ የዕድሜ ልክ አመጋገብ የለም። የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት ቅባት ቀነስ፣ ምግቡን ደጋግመው ጥቂት ጥቂት ያድርጉት። ከአሥር ሰዎች አንዱ ያህል ከቅባት በኋላ ቶሎ ወደ መጸዳጃ መሄድ ይገጥመዋል፤ በወራት ውስጥ ብዙውን ጊዜ ይተዋል፣ ካልተወም መድኃኒት አለው። ዶሮ ወጡም ክትፎውም ይመለሳል፤ መጾምም ይችላሉ። የወጣችው ከረጢት ለፓቶሎጂ፣ ማለትም በማይክሮስኮፕ ለሚደረግ ምርመራ፣ መላኳን ያረጋግጡ። ጠጠሮቹን ከፈለጉ ይጠይቁ፤ ብዙ ሕመምተኞቼ በብልቃጥ ይዘዋቸው ይሄዳሉ።

የምመክርዎት እንግዲህ ይህ ነው። በዚህ ሳምንት የጉበት የደም ምርመራውን ያሠሩ፤ ቢሊሩቢኑና የቱቦው ስፋት ደህና ከሆኑ በሚቀጥሉት ሳምንታት ውስጥ ቀዶ ሕክምናውን ያስወስኑ፣ ለሚቀጥለው ፋሲካ አያቆዩት። እስከዚያ ጮማ፣ ቅቤ የበዛበት ወጥና በዘይት የተጠበሰ ነገር ያስወግዱ፤ ይህ ሕመሙን ያራርቃል እንጂ ጠጠሩን አያጠፋም። ሕመሙ ሲነሣ ዳይክሎፌናክ ያስታግሳል፤ የጨጓራ ቁስል ወይም የኩላሊት ችግር ካለብዎት ግን ሐኪምዎን ሳይጠይቁ አይውሰዱት። የእህትዎን የአልትራሳውንድ ወረቀት ደግሞ አጣጥፋ ታስቀምጠው፤ አንድ ሌሊት ከቀኝ ጎኗ ሕመም ካስነሣት የዚያን ዕለት ይፈለጋል።